ሰዓቱ የሙዙንም ስኳር ለካ

የደረሰኝ ጥያቄ አጠር ሲል እንዲህ ይላል።

«ሰላም ወንድም። የ34 ዓመት ሴት ነኝ፣ ሐዋሳ ነው የምኖረው። ከአራት ወር ወዲህ ጠዋት ጠዋት ፍቅር ሐይቅ አካባቢ ከሚሮጡ ልጆች ጋር እሮጣለሁ። ሁሉም ስማርት ሰዓት አላቸው። ሮጠው ሲጨርሱ ቁጥራቸውን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለጥፋሉ። እኔም ያገለገለ ሰዓት ገዛሁ። ቀስ ብዬ እየሮጥኩ የልብ ምቴን 176 ይለኛል። ደንግጬ ሁለት ቀን ቀረሁ። ‹የአካል ብቃትሽ ዝቅተኛ ነው› የሚልም ጽሑፍ ያወጣል። ለጥቁር ቆዳ አይሠራም የሚሉ አሉ፣ እውነት ነው? ሌላው ደግሞ እናቴ ስኳር አለባት። ፒያሳ አንድ ሱቅ ያለ መርፌ ስኳር የሚለካ ሰዓት በ3,500 ብር አየሁ። ጣቷን መወጋት ሰልችቷታል። ልግዛላት?»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። የሩጫው ነገር ይደርሳል፣ የእናትሽ ግን አይቆይም። አትግዢላቸው። በነጻ ቢሰጡሽም እጃቸው ላይ እንዳታስሪው።

እኔ የሕክምና መሣሪያ መሐንዲስ ነኝ። ሥራዬ ሆስፒታል ውስጥ ያሉ መለኪያዎች በትክክል መለካታቸውን ማየት፣ የተበላሸውን መጠገን ነው። ስለዚህ አዲስ ዕቃ ባየሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል፦ ይሄ ነገር የሚለካው ምኑን ነው? የሚገምተውስ? ስማርት ሰዓት የሚለካው በጣም ጥቂት ነገር ነው። የእጅሽን እንቅስቃሴ ይለካል። ከቆዳሽ ተመልሶ የሚመጣ ብርሃን ይለካል። ጂፒኤስ ካለው ያለሽበትን ቦታ ያውቃል። ውድ የሚባሉት አንዳንድ ተጨማሪ መለኪያ ቢኖራቸውም ዋናው ይሄው ነው። ከዚያ በላይ ስክሪኑ ላይ የምታዪው አብዛኛው ቁጥር ከእነዚህ ተነስቶ የተሰላ ግምት ነው። ጎበዝ ግምት አለ፣ ደካማ ግምት አለ። ጭራሽ ግምት ያልሆነ፣ ዝም ብሎ የተፈጠረ ቁጥርም አለ።

የፒያሳው ሰዓት ስኳር ከመጨረሻው ወገን ነው።

እናትሽ የሚጠቀሙበትን መለኪያ አስቢው። ስትሪፑ፣ ማለትም ደም የሚነካው ትንሿ ቁራጭ፣ ጫፉ ላይ ኢንዛይም አለ። ደሙ ሲነካው ኢንዛይሙ ከስኳሩ ጋር ይሠራና በጣም ትንሽ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጠራል። መለኪያው ያንን ፍሰት ወደ ቁጥር ይቀይረዋል። ማለትም ደሙን ነክቶ ነው የሚናገረው። የሰዓቱን ጀርባ ገልብጠሽ ብታዪው ግን ያለው አረንጓዴ መብራትና ብርሃን ተቀባይ ብቻ ነው። ስኳር የሚነካ ነገር የለውም። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ስኳርን በብርሃን ለመለካት ብዙ ገንዘብና ብዙ ዓመት አፍስሰዋል፤ እስካሁን ገበያ ላይ አላወጡም። እነሱ ያላገኙትን ፒያሳ በ3,500 ብር ማግኘት ይከብዳል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ቆዳ ሳይወጉ ስኳር እንለካለን የሚሉ ሰዓቶችንና ቀለበቶችን ማንም እንዳይጠቀም አስጠንቅቋል። ለአንዱም ፈቃድ አልሰጠሁም ነው ያለው።

አንድ ነገር ልንገርሽ። አንድ ጓደኛዬ እንዲህ ያለውን ሰዓት ገዝቶ ሊያሳየኝ መጣ። ቁርስ ቤት ነበርን። ጠረጴዛው ላይ ሙዝ ነበረ። «ስጠኝ» አልኩትና ሰዓቱን ሙዙ ወገብ ላይ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። ለካ ብለን ነካነው። አረንጓዴው መብራት ብልጭ ብልጭ አለ። ትንሽ ቆየና የልብ ምት 72 አለ። የደም ግፊት 118 በ76። ስኳር 5.3። ጓደኛዬ ሙዙን አየው፣ እኔን አየኝ። ሙዙ ከሁለታችንም ጤነኛ ነበር።

እዚህ ላይ ፍርድ እንዳላጓድል። ሙዝ ላይ የልብ ምት ማሳየቱ ብቻውን ሰዓቱን ሌባ አያሰኘውም። በጣም ጥሩ የሚባሉትም አንዳንዴ ፎጣ ላይ ሲታሰሩ ቁጥር ይሰጣሉ። ሥራቸው በሚመለሰው ብርሃን ውስጥ ምት መፈለግ ስለሆነ፣ ምት በሌለበትም ያገኙ ይመስላቸዋል። ሙዝ ላይ የደም ግፊትና ስኳር ማውጣት ግን ሌላ ነገር ነው። ያ ፋብሪካ ውስጥ ጤነኛ ሰው የሚያስመስል ቁጥር እንዲያወጣ ተደርጎ የተሠራ ነው።

ያ 5.3 ደግሞ በሌላ መስፈሪያ ነው። በ18 ስታባዢው እኛ አገር ሐኪሞች በሚጠቀሙበት 95 ገደማ ይሆናል። ሸጋ ቁጥር ነው፣ ችግሩም እሱ ነው። ስኳር የሚያመው ሰው ኢንሱሊን ወይም ኪኒን ወስዶ ምግብ ቢያሳልፍ ስኳሩ ከ70 በታች ሊወርድ ይችላል። ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ግራ ይጋባል። እናትሽ በዚያ ሰዓት እጃቸውን አይተው 95 ቢያነቡ «ደህና ነኝ» ብለው ይተኛሉ። የምፈራው ይህንን ነው።

ያለ ጣት መውጋት የሚለካ እውነተኛ ዕቃ አለ፣ አይካድም። ክንድ ላይ የሚለጠፍ ክብ ነገር ነው። ከሥሩ ፀጉር የምታህል ቀጭን ክር አለች፣ ቆዳ ውስጥ ትገባለች። የምትለካው ደሙን ሳይሆን በሴሎች መካከል ያለውን ፈሳሽ ስለሆነ ከደሙ በጥቂት ደቂቃ ወደኋላ ትቀራለች። ከ10 እስከ 15 ቀን አገልግሎ ይጣላል፣ ሌላ ይለጠፋል። ከውጭ የሚልክ ዘመድ ቢኖርሽ እንኳ «አንዴ ልኮ ተገላገለ» የሚባል ዕቃ አይደለም። ሐኪማቸውን ጠይቂ። እስከዚያው ለጣታቸው ሕመም አንድ ነገር ሞክሩ፦ የጣቱን ጫፍ ሳይሆን ጎኑን ውጉ። ጫፉ ነርቭ ይበዛበታል። ጣት አፈራርቁ። ለብ ባለ ውኃ ቀድሞ መታጠብ ደሙን ያመጣዋል። መውጊያዋን ደግሞ አትቆጥቡባት፤ ስትደጋገም ትደነዝዝና የባሰ ታማለች።

የደም ግፊትስ ካልሽ፣ ክንድ ላይ አየር ሞልቶ የሚጨምቀውን መለኪያ ያህል የሚታመን ሰዓት የለም። ግፊትን በብርሃን ከሚገምቱት ደህና የሚባሉት ራሳቸው «መጀመሪያ በክንዱ መለኪያ አስተካክለኝ» ብለው ይጠይቁሻል። የማይጠይቅ ካየሽ ሙዙን አስታውሺ።

አሁን ወደ 176።

በመጀመሪያ፣ አልሳቅኩብሽም። እኔም ደንግጫለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። ልብሽ በመታ ቁጥር የእጅሽ ትንንሽ የደም ሥሮች ይሞላሉ፣ መልሰው ይጎድላሉ። ደም አረንጓዴ ብርሃን ይውጣል። ደሙ ሲሞላ የሚመለሰው ብርሃን ይቀንሳል፣ ሲጎድል ይጨምራል። ሰዓቱ ይህንን ከፍ ዝቅ ይቆጥራል። ተቀምጠሽ ከሆነ ቀላል ሥራ ነው። ስትሮጪ ግን እጅሽ ይወዛወዛል፣ ሰዓቱ ቆዳሽ ላይ ይንሸራተታል፣ በእያንዳንዱ እርምጃ ደሙም ይናጣል። አሁን ብርሃኑ ውስጥ ሁለት ምት አለ፣ የልብሽና የእግርሽ። የእግርሽ ይጮኻል። ሰዓቱ ተሳስቶ እሱን ይይዘዋል። ሯጭ ደግሞ በደቂቃ ከ160 እስከ 180 እርምጃ ቢረግጥ የተለመደ ነው። እንግዲህ ያንቺ 176 ልብሽ ሳይሆን ጫማሽ ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ቀን ጠዋት ይህንን ለማየት ብዬ ሰዓቴንም፣ ደረት ላይ የሚታሰረውን የልብ ምት መለኪያ ቀበቶም አድርጌ ከፍቅር ሐይቅ ወደ አሞራ ገደል ሮጥኩ። ብርድ ነበር፣ ሐይቁ ላይ ጉም ነበረ። ቀበቶው 141 ይላል፣ ሰዓቱ 172። ማለክለክ የለም፣ እያወራሁ ነው የምሮጠው። ዓሣ ተራው አጠገብ ስደርስ አንድ አባ ኮዳ፣ ያ ረጅሙ ወፍ፣ መንገዱን ዘግቶ እንደ ዘበኛ ቆሟል። እኔም ቆምኩ። ቀበቶው ወዲያው ይወርድ ጀመር፣ 130፣ 121። ሰዓቱ 172 ላይ ችክ እንዳለ ጥቂት ቆየና፣ የሚረገጥ እርምጃ ሲያጣ ግራ ገብቶት ባንዴ 119 ላይ ዘሎ ወረደ። የሰው ልብ እንዲህ አይዘልም።

ቀበቶው እንደ ሰዓቱ የማይሳሳተው ብርሃን ስለማያይ ነው። የልብን ኤሌክትሪክ ነው የሚያዳምጠው። የፊንላንዱ ፖላር ኩባንያ የመጀመሪያውን ገመድ አልባ የልብ ምት መለኪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው፣ እስካሁንም ለሯጭ ከእጅ ሰዓት ይልቅ እሱ ይታመናል። የቀበቶውን ጨርቅ ትንሽ በምራቅ ወይም በውኃ ማርጠብ ነው ጣጣው።

ቀበቶ ግዢ እያልኩሽ አይደለም። ነገ ጠዋት ሰዓቱን ከእጅሽ አጥንት ሁለት ጣት ያህል ወደ ላይ አድርጊና እንዳይንቀሳቀስ አጥብቂው። ከቤት ሳትወጪ እሰሪው፤ እጅ ሲቀዘቅዝ የደም ሥር ይጠባል፣ ሰዓቱ የሚያየው ነገር ያጣል። እየሮጥሽ 176 ሲልሽ ቁሚና አንገትሽ ላይ ሁለት ጣት አድርገሽ ለ15 ሴኮንድ ቁጠሪ፣ በአራት አባዢ። 35 ከቆጠርሽ 140 ነው። ከዚህ የሚቀለው ደግሞ ወሬ ነው። ሙሉ ዓረፍተ ነገር እያወራሽ መሮጥ ከቻልሽ ልብሽ አልተጨነቀም። 

ቆጥረሽውም እውነት 176 ከሆነ፣ ወይም ደረትሽን ከያዘሽ፣ ራስሽን ካዞረሽ፣ ተቀምጠሽም ልብሽ ከዘለለብሽ ያኔ ሐኪም ጋ ሂጂ። ሰዓት አንዳንዴ እውነት ይይዛል። አፕል ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጋር ከ400,000 በላይ ሰዎች ባሳተፈ ጥናት ከየ200 ሰው አንድ ለሚሆኑት ሰዓቱ «የልብ ምትህ የተዛባ ይመስላል» አለ። ከነዚያ ውስጥ በኋላ ደረታቸው ላይ መመርመሪያ ለጥፈው ከመለሱት 34 በመቶው ላይ የልብ ምት መዛባቱ ተገኘ። የቀሩት ላይ በዚያ ሰዓት አልተገኘም። እንግዲህ ሰዓቱ እንደ ጎረቤት ነው፤ «ዛሬ ፊትሽ ልክ አይደለም» ሲልሽ ትመረመሪያለሽ እንጂ መድኃኒት አያዝልሽም።

ጥቁር ቆዳ ላይ አይሠራም ወይ ላልሽው፣ ወሬው ከባዶ አልመጣም። ቆዳን የሚያጠቁረው ሜላኒን አረንጓዴ ብርሃን ይውጣል፣ ስለዚህ የሚመለሰው ያንሳል። ደህና ሰዓት መብራቱን ጨምሮ ይህንን ያካክሳል፣ ርካሹ አያካክስም። ዱክ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ጥናት የተለያየ የቆዳ ቀለም ያላቸውን ሰዎች በተለያዩ ሰዓቶች ለክቶ በልብ ምት ላይ ቀለም ያመጣው ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። ልዩነት ያመጣው የሰዓቱ ዓይነትና እንቅስቃሴ ነው። በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የመለካቱ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። በዚያው ዓመት ከአሜሪካው ሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት ሆስፒታል ውስጥ ጣት ላይ የሚቆነጥጠው መለኪያ ራሱ ጥቁሮች ላይ እንደሚስት አሳይቷል። መለኪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ እያለ፣ እውነተኛው ከ88 በታች ሆኖ የተገኘው ከጥቁሮቹ 11.7 በመቶ፣ ከነጮቹ 3.6 በመቶ ላይ ነበር። ይህ እንግዲህ የሆስፒታሉ ዕቃ ነው። የሰዓትሽን የኦክስጅን ቁጥር እኔ አላየውም፣ አንቺም አትዪው። ንቅሳት ላይ ደግሞ ሰዓት አትሰሪ፣ ቀለሙ ብርሃኑን ያስቀረዋል።

«የአካል ብቃትሽ ዝቅተኛ ነው» የሚለውን አሁን ራስሽ ልትፈቺው ትችያለሽ። ሰዓቱ ሳንባሽን አላየም። ፍጥነትሽንና የልብ ምትሽን አጋጭቶ፣ «በዚህ ቀስታ እየሮጠች ልቧ እንዲህ ከመታ ደካማ ናት» ብሎ ነው የፈረደው። የልብ ምቱ የጫማሽ ከነበረ ፍርዱም የጫማሽ ነው። ሐዋሳ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፣ በዚሁ ልብ ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ ሰው ፈጠን ይላል። ይህንን ከሒሳቡ የሚቀንሱት ጥቂት ሰዓቶች ናቸው። የታቦር ተራራን ዳገት ከጨመርሽበትማ ወዮልሽ። ያገለገለ ስለሆነም ዕድሜሽንና ክብደትሽን አስተካክለሽ ማስገባትሽን እዪ። የቀድሞው ባለቤት 90 ኪሎ ወንድ ከነበረ እስካሁን በሱ ስም ነው የምትገመገሚው።

ካሎሪውን እርሺው። ስታንፎርድ እ.ኤ.አ. በ2017 ሰባት ሰዓቶችን ፈትኖ ስድስቱ የልብ ምት ላይ ደህና ሲሆኑ፣ ካሎሪ ላይ ግን ከሁሉ የተሻለው በአማካይ 27 በመቶ፣ የባሰው 93 በመቶ ሲስት አገኛቸው። «600 አቃጠልኩ» ብሎ ሁለተኛ ዳቦ የሚያዝ ሰው ካለ አሳዪው።

እንቅልፉም ግምት ነው። እጅሽ ካልተንቀሳቀሰና ልብሽ ከረጋ ተኛች ይላል። ለገብርኤል ዋዜማ ማህሌት ቆሜ አድሬ ጠዋት ሰዓቴ «ሌሊቱን አላረፍክም፣ ዛሬ ቀለል አድርገው» አለኝ። ማህሌት ይሁን ጭፈራ ቤት ለሱ አንድ ነው።

እርምጃ ቆጠራ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፣ ታሪኩ ደስ ስለሚለኝ። ግሩፓችሁ ውስጥ «ዛሬ 10,000 ሞላሁ» የሚል አይጠፋም። ያ ቁጥር ከየት መጣ? ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ጨርሶ ሁለተኛ ወርቁን ወሰደ። ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ገና ሁለት ወር አልሞላውም። ከገባ በኋላ ሜዳው ላይ ተንጋሎ ሲያፍታታ ጃፓኖች አፋቸውን ይዘው አዩት። ከኦሊምፒኩ በኋላ አገሩ ሁሉ ስለ ስፖርት ማውራት ጀመረ። በማግስቱ ዓመት አንድ የጃፓን ኩባንያ ወገብ ላይ የሚታሰር የእርምጃ መቁጠሪያ አወጣ፣ ስሙንም «ማንፖ ኬይ» አለው፤ የ10,000 እርምጃ መለኪያ ማለት ነው። ቁጥሩ ለአፍ ይጥማል፣ በጃፓን ፊደል ሲጻፍም የሚራመድ ሰው ይመስላል ይባላል። ሐኪም አላዘዘውም። የገበያ ስም ነው፣ ዛሬ በየሰዓቱ ውስጥ ተቀምጧል። በኋላ እ.ኤ.አ. በ2019 በአማካይ 72 ዓመት የሞላቸው ሴቶች ላይ የወጣ ጥናት በቀን 4,400 ገደማ የሚራመዱት 2,700 ከሚራመዱት በጣም ያነሰ ሞት እንዳጋጠማቸው፣ ጥቅሙም 7,500 አካባቢ ሲደርስ እንደሚቆም አሳየ። እናትሽን ይዘሽ መውጣት ከፈለግሽ ለሳቸው የሚሆነው ይሄኛው ቁጥር ነው።

ቆጣሪው ራሱም ይሸወዳል። የኮብልስቶን መንገድ ላይ ባጃጅ ተሳፍሬ አቶቴ ደርሼ ስወርድ 300 እርምጃ ተጨምሮልኝ ያውቃል። ቡና በሙቀጫ የሚወቅጥ ሰው ቁጭ ብሎ ይራመዳል። ዘንቢል ይዞ እጁን ሳያወዛውዝ ከገበያ የሚመለስ ደግሞ እንዳልተራመደ ይቆጠራል። የኛ እናቶች በሰዓት ቢለኩ ሰነፍ ሊባሉ ነው።

እንግዲህ ወደ ግሩፑ። ይህ ነገር እዚህ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 ካሊፎርኒያ ውስጥ ጋሪ ዎልፍና ኬቪን ኬሊ የሚባሉ ሁለት የመጽሔት ሰዎች ራሳቸውን የሚለኩ ሰዎች ተሰብስበው የሚነጋገሩበት ክበብ ጀመሩ። ደንባቸው ሦስት ጥያቄ ነበር፦ ምን አደረግሽ? እንዴት አደረግሽው? ምን ተማርሽ? የናንተ ግሩፕ ላይ የሚለጠፈው የመጀመሪያው መልስ ብቻ ነው የሚመስለኝ። 10 ኪሎ ሜትር፣ 52 ደቂቃ፣ እሳት ኢሞጂ። ሁለት ሰዎች በተለያየ ሰዓት፣ በተለያየ ጥብቀት አስረው ያወጡትን የልብ ምት ማወዳደር ደግሞ የእኔን ድስት ባንቺ ሚዛን እንደመመዘን ነው። ያንቺ ሰዓት ካንቺ የትናንት ቁጥር ጋር ሲወዳደር ነው ትርጉም ያለው። ስህተቱ እንኳ የራሱ ስለሆነ አብሮ ይሄዳል። ጠዋት ከአልጋ ሳትነሺ የሚያሳይሽን የልብ ምት ለሁለት ወር ተከታተዪው። ከ72 ወደ 66 ከወረደ ሩጫው ሥራውን እየሠራ ነው። ባንዴ ወደ 80 ከወጣ ወይ ጉንፋን እየመጣ ነው፣ ወይ አልተኛሽም። ከሰዓቱ ሁሉ እኔ የማከብረው ይህንን ቁጥር ነው፤ እጅ በማይወዛወዝበት ሰዓት የተለካ ስለሆነ።

ግሩፑን ግን አትተዪ። ቁጥሩን እንጂ ሰዎቹን አልነቀፍኩም። ንጋት 12 ሰዓት ላይ በዚያ ብርድ ከብርድ ልብስ የሚያወጣሽ ሰዓቱ አይደለም፣ «የት ደረስሽ?» የሚል መልእክት ነው።

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ። የምትሮጪበትን ካርታ የምትለጥፊ ከሆነ መነሻውን ደብቂው። እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ላይ ስትራቫ የተባለው የሯጮች አፕ ያወጣውን የዓለም ካርታ አንድ አውስትራሊያዊ ተማሪ ሲመለከት፣ በረሃ መሃል የወታደሮች ካምፕ ቅርጹ ቁልጭ ብሎ ተገኘ። ወታደሮቹ ዙሪያውን ሲሮጡ ሰዓታቸው ሥሎት ነው። አንቺ ካምፕ የለሽም፣ በር ግን አለሽ። በየቀኑ በዚያው ሰዓት ከዚያው በር የምትወጣ ሴት ካርታ ለማንም መታየት የለበትም። አፑ ቅንብር ውስጥ መነሻና መድረሻን የሚሰውር ቦታ አለ፣ ዛሬውኑ አብሪው። ፎቶውንም ቤት ከገባሽ በኋላ ለጥፊ።

የሚቀጥለው ፋሽን ቀለበት ነው። የፊንላንዱ ኦውራ ቆየት ብሏል፣ ሳምሰንግም እ.ኤ.አ. በ2024 የራሱን አውጥቷል። ለእንቅልፍ ከሰዓት ይመቻል። ብረት የሚያነሳ ሰው ግን ጣቱን ያስይዘዋል፣ ላላገባ ደግሞ የሰፈር ጥያቄ አለው። ካሜራ ያለው መነጽርም መጥቷል። ይሄ ሁሉ አዲስ እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. በ1961 ኤድዋርድ ቶርፕና ክሎድ ሻነን የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት የሲጋራ ፓኮ የሚያህል ኮምፒውተር ሰውነታቸው ላይ ደብቀው፣ ጫማ ውስጥ ባለ ማብሪያ በእግር ጣት እየነኩ ላስ ቬጋስ ቁማር ቤት ገብተዋል። የዚህ ሁሉ ዕቃ ቅድመ አያት ቁማርተኛ ነው።

ሰዓት መቀየር ካማረሽ መጀመሪያ ስልክሽን እዪ። የአፕል ሰዓት ያለ አይፎን አይሠራም፣ አዲሶቹ የሳምሰንግ ሰዓቶች ደግሞ ከአይፎን ጋር አይስማሙም። ያገለገለ ከሆነ ሻጩ አካውንቱን አጥፍቶ፣ አንቺ በራስሽ ከፍተሽ ሳታዪ ብር አትስጪ። የሰው አካውንት የተቆለፈበት ሰዓት አምባር ነው። ቻርጀሩ የራሱ ዓይነት ስለሆነ ከጠፋ እዚህ ማግኘት አበሳ ነው።

ሳልረሳው፣ ሰዓቱ በኛ አቆጣጠር አይሄድም ብለሽ ከተቸገርሽ የዓለም ሰዓት የሚለው ውስጥ ቦነስ አይረስን ጨምሪ። የአርጀንቲና ዋና ከተማ ከኛ በስድስት ሰዓት ወደኋላ ናት፣ ሰዓቷንም በየወቅቱ አትቀያይርም። ባለ 12 ሰዓት አቆጣጠሩን ብቻ ምረጪ። ሐዋሳ ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን እዚያ አንድ ይላል። እኔ ዓመቱን ሙሉ በቦነስ አይረስ ነው የምኖረው።

3,500 ብሩን ደግሞ የእናትሽን ስትሪፕ ግዢበት። ከመሄድሽ በፊት መለኪያቸውን ገልብጠሽ ስሙን በስልክሽ ፎቶ አንሺው፣ የአንዱ ስትሪፕ ለሌላው አይሆንም። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ቀንም እዪ። ከተከፈተ በኋላ ክዳኑን ወዲያው መግጠም አለባቸው፣ እርጥበት ከገባው እሱም እንደ ሙዙ ሰዓት መዋሸት ይጀምራል።